ነርቭ ቀጥሎ ሽንትን ስለ መቆጣጠር፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው የካቲት ወር አንዲት እናት አራት ገጽ የታተመ ጽሑፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደምሠራበት ክፍል መጡ። ልጃቸው የሕንፃ ቀለም ሲቀባ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፤ ሽንቱንም የሚያወጣው በቀን አምስት ጊዜ በገዛ እጁ በሚያስገባው ካቴተር፣ ሕሙማኑ ራሳቸው «ጎማ» በሚሉት ቀጭን ቱቦ ነው። እናቲቱ ወረቀቱን ፈትተው ሰጡኝና «ሲስተር፣ እስቲ አንብቢልኝ፤ ይሄ ነገር እውነት ከሆነ ቤቱን እሸጣለሁ» አሉኝ።

ጽሑፉን እዚያው ቆሜ አንድ ጊዜ፣ ማታ ደግሞ ቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ቻይናዊው የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም ሽያው ቹዋንጉዎ የፈለሰፉት ቀዶ ጥገና የተጎዳውን ህብለ ሰረሰር ጠግኖ ፊኛ እንደ ቀድሞው እንዲታዘዝ ያደርጋል፤ ከመቶ ታካሚዎች 85ቱ እንደ ዳኑ በጥናት ተረጋግጧል፤ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ያልተቀበሉት የካቴተርና የዳይፐር ገበያ እንዳይቀርባቸው ሲሉ ነው፤ ሐኪሙም የታሰሩት በዚሁ ግኝታቸው ምክንያት ነው፤ ከወገቡ በታች የማይታዘዝ ሰው የሚያጣው ነገር ስለሌለ ቢሞክረው አይጎዳም፤ በካቴተር መኖር ደግሞ እጅ መስጠት ነው። ጸሐፊው ይህን የጻፉት በክፋት ነው ብዬ አላስብም፤ ከአጻጻፋቸው የሚታየኝ በቅርባቸው የተጎዳ ሰው ያለ መሆኑ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ቤት የሚያሸጥ ጽሑፍ ስለሆነ የተናገረውን አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል።

በመግቢያቸው ላይ ግን የሚያከራክረን ነገር የለም። ጸሐፊው «ሰው ስለ እግሩ ይጠይቃል፣ ታማሚው ግን ስለ ሽንቱ ያለቅሳል» ሲሉ እውነት ተናግረዋል። ኪም አንደርሰን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት 681 የህብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ከሁሉ አስቀድሞ ምን ቢመለስላቸው እንደሚወዱ ጠይቀው ነበር። አራት እጅና እግራቸው ከማይታዘዙት መካከል ብዙዎቹ የእጃቸውን፣ ከወገብ በታች ብቻ ከተጎዱት ብዙዎቹ የወሲብ አካላቸውን ሥራ ያስቀደሙ ሲሆን፣ የሽንትና የሰገራ ነገር በሁለቱም ወገን ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። ጤነኛ ዘመድ ከሁሉ በፊት የሚመኘው መራመድ ከዝርዝሩ አናት ላይ አልነበረም። እኔም ሠርግ ላይ መሄድ ያቆሙ፣ ታክሲ ውስጥ ሽታው ይሰማ ይሆን ብለው ከቤት የማይወጡ ስንት ወጣቶች አውቃለሁ። ከሀፍረቱ በላይ ደግሞ የኩላሊት ጉዳይ አለ፤ የዛሬው ሕክምና ከመምጣቱ በፊት እነዚህን ሰዎች ይገድላቸው የነበረው ስብራቱ ሳይሆን የመኝታ ቁስልና ከፊኛ ተነሥቶ ኩላሊት የሚደርስ ኢንፌክሽን ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። ቀዶ ጥገናው ህብለ ሰረሰርን ይጠግናል የሚለው ስሕተት ነው፤ ፈልሳፊው ራሳቸውም እንዲህ አላሉም። የሚደረገው ምን እንደሆነ ለመረዳት ፊኛ በጤናው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ሲይዝ የመሙላቱ ወሬ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይወጣል፤ ጊዜውና ቦታው ሲፈቅድ ከአንጎል ግንድ ትእዛዝ ይወርዳል፤ ትእዛዙም ከህብለ ሰረሰሩ የታችኛው ጫፍ፣ ወደ ፊኛና ወደ ሌሎች የዳሌ አካላት የሚሄዱት የሳክራል ነርቮች ከሚነሡበት ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ክፍል ደርሶ ፊኛውን ሲያኮማትር መዝጊያውን ጡንቻ ያላላል። ህብለ ሰረሰሩ ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ወሬውም አይወጣም፣ ትእዛዙም አይወርድም። የታችኛው ክፍል ግን በሕይወት ስላለ በራሱ ፈቃድ መሥራት ይጀምራል፤ ፊኛው ሲኮማተር መዝጊያውም አብሮ ይጠብቃል፤ ሁለቱ ሲታገሉ በፊኛው ውስጥ ያለው ግፊት ያይልና ሽንቱ ወደ ላይ፣ ወደ ኩላሊት ይገፋል።

የሽያው ሐሳብ የተቆረጠውን ዋና መስመር ትቶ ከጎረቤት መስመር መጥለፍ ነው። ሐኪሙ የጀርባውን አጥንትና የህብለ ሰረሰሩን ሽፋን ከፍቶ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ከአምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥሮች መካከል ወደ እግር ጡንቻ ትእዛዝ የሚወስደውን የፊተኛውን ሥር ይቆርጣል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያየ ወደ ፊኛ ከሚሄደው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው የሳክራል ነርቭ የፊት ሥር ጋር ይሰፋዋል። የቆዳን ስሜት የሚያመጣው የኋላኛው ሥር አይነካም። የነርቭ ክር በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ወራት ይፈጃል እንጂ፣ ስፌቱ ከያዘ የእግር ነርቭ የነበረው የፊኛ ነርቭ ይሆናል። ያን ጊዜ ታካሚው የእግሩን ቆዳ በተወሰነ ቦታ ሲቧጭር፣ እግርን ያንቀሳቅስ የነበረው ሪፍሌክስ፣ ማለትም ያለ አንጎል ትእዛዝ የሚነሣው የነርቭ ምላሽ፣ ፊኛን ያኮማትራል ማለት ነው። እንግዲህ በተሳካለት ሰው እንኳ ስሜቱ አይመለስም፣ በፈቃድ መሽናትም አይመለስም፤ የሚገኘው በቆዳ የሚነሣ ሰው ሠራሽ ሪፍሌክስ ነው። ጸሐፊው «እንደ ቀድሞው» ሲሉ የሰጡት ተስፋ በቀዶ ጥገናው ንድፍ ውስጥ የለም።

ሐሳቡ ግን ብልህ ሐሳብ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ነርቭ አዛውሮ ፊኛን ማስነሣት አውስትራሊያዊው ባዚል ኪልቪንግተን እ.ኤ.አ. በ1907 በውሾች ላይ ከሞከሩበት ጊዜ ጀምሮ የብዙ ቀዶ ሐኪሞች ምኞት የነበረ ሲሆን፣ ሽያውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት የተቀጠለው ነርቭ በድመቶች ላይ ፊኛን እንደሚያኮማትር አሳይተዋል። የእግር ጡንቻ ነርቭና ወደ ፊኛ የሚሄደው ነርቭ የሚጠቀሙበት ኬሚካል አንድ ዓይነት፣ አሴቲልኮሊን መሆኑ ነገሩ በሥነ ሕይወት ረገድ እንግዳ እንዳይሆን አድርጎታል።

ሁለተኛው ነጥብ የ85 በመቶው ነገር ነው፤ ጽሑፉ ሁሉ የቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ነገር ግን የጸሐፊው አንባቢዎች ስለሆኑት ሰዎች የተነገረ ቁጥር አይደለም። ሽያው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናት ስፓይና ቢፊዳ ይዟቸው፣ ማለትም የጀርባ አጥንታቸው ሳይዘጋ፣ በተወለዱ 20 ሕፃናት ላይ የተደረገ ሲሆን ከእነዚህ 17ቱ አጥጋቢ የሽንት ቁጥጥር አገኙ ተባለ፤ 85 በመቶ የሚመጣው ከዚያ ነው። በአደጋ ህብለ ሰረሰራቸው ስለ ተጎዱት የወጣው የ2003ቱ ጥናት ሲሆን ታካሚዎቹ 15 ወንዶች ነበሩ። ከእነርሱ 10ሩ፣ 67 በመቶ ማለት ነው፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አጥጋቢ ቁጥጥር እንዳገኙና ከሽንት በኋላ በፊኛቸው የሚቀረው በአማካይ ከ332 ወደ 31 ሚሊ ሊትር እንደ ወረደ ተጽፏል። ሁለቱ በከፊል ተሻላቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ወይ አልተሳካላቸውም ወይ ከክትትል ጠፉ። በመውደቅና በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ዘመድ 85ን ይዞ ሲሄድ የሌላ ሕመም ቁጥር ይዞ እየሄደ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ጸሐፊው ያልጠቀሱት ነገር ነው። ሁለቱም ጥናቶች የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም፤ ቀዶ ጥገናውን የሠሩትና ውጤቱን የዘገቡትም ያው ፈልሳፊው ነበሩ። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ታካሚ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ከወትሮው የተሻለ ክትትል ያገኛል፤ መድኃኒቱ ይስተካከላል፣ ሽንቱ ይለካል፣ ኢንፌክሽኑ ቶሎ ይታከማል። ይህ ብቻውን ፊኛን ያሻሽላል። ስለዚህ ነርቩ ነው ያዳነው ለማለት፣ ነርቩ ሳይቀጠልለት ያንኑ ክትትል ያገኘ ሌላ ሰው አጠገቡ መቆም አለበት።

ሌሎች ሐኪሞች ይህን ሊያጣሩ ተነሡ። በሚሺጋን በሚገኘው በዊሊያም ቦሞንት ሆስፒታል ኬኔት ፒተርስና ባልደረቦቻቸው ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸውን ዘጠኝ ታካሚዎች ቀድደው የአንድ ዓመቱን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 አወጡ። እኔ ይህን ጥናት የምወደው ሁለቱንም ወገን የሚያሳፍር ነገር ስላለበት ነው። ከዘጠኙ በሰባቱ ላይ ቆዳቸው ሲነካ የፊኛቸው ግፊት በእርግጥ ከፍ ይል ነበር፤ ነርቩ ይዟል ማለት ነው። ሁለቱ ካቴተር አቆሙ፤ ሰገራ መቆጣጠርም በአብዛኞቹ ተሻሽሏል። ነገር ግን ሽንቱ ሙሉ በሙሉ መፍሰስ ያቆመለት አንድም ታካሚ አልነበረም። ነርቩ መያዙና ሰውየው ደረቅ ሆኖ መዋሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የጸሐፊው ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን አንድ ከማድረግ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለት ጥናቶች ይበልጥ ከባድ ናቸው። በዴንማርክ የኦርሁስ ከተማ ሐኪሞች በህብለ ሰረሰር ጉዳተኞች ላይ፣ ማለትም የእናቲቱ ልጅ ዓይነት ሰዎች በሆኑ 10 ታካሚዎች ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ዘገባ የሽንት አካላት ሥራ እንዳልተሻሻለ ገለጹ። በፍሎሪዳ ደግሞ ጄራልድ ቱዊትና ባልደረቦቻቸው ሌሎቹ ያልደፈሩትን አደረጉ። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸውን፣ የተጣበቀ ህብለ ሰረሰራቸው በቀዶ ጥገና መላቀቅ የነበረበትን 20 ልጆች ወስደው ለሁሉም ያንን ቀዶ ጥገና ሠሩ፤ ለግማሾቹ ብቻ፣ በዕጣ፣ የሽያውን የነርቭ ቅጥያ ጨመሩላቸው። ቤተሰቡም ሆነ በኋላ ፊኛውን የሚመረምረው ሐኪም ለማን ምን እንደ ተሠራ አያውቅም ነበር። ከሦስት ዓመት ክትትል በኋላ የነርቭ ቅጥያው በፊኛ ቁጥጥር ላይ የጨመረው ጥቅም አልተገኘም፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ጀርባው ተከፍቶ ነርቭ የተቀጠለለትና ያልተቀጠለለት ልጅ እኩል ከሆኑ፣ ቀደም ሲል ታየ የተባለው መሻሻል ከሌላ ነገር የመጣ መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ።

በሦስተኛው ነጥብ፣ ምዕራባውያኑ ገበያቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ገፉት በሚለው ላይ፣ ብዙ አልናገርም። ገፍተውት ቢሆን ኖሮ ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ባልኖሩ ነበር። ካቴተርን የሚቀንስ ነገር ሁሉ ይታፈናል የሚለውን ደግሞ የጃይልስ ብሪንድሊ ታሪክ ያፈርሰዋል። እኚህ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሳክራል ነርቮች የፊት ሥር ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠርተው በብዙ አገሮች ተተክሏል፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቅዷል። ታካሚው ከቆዳው በላይ ትንሽ አስተላላፊ ይዞ ሲያበራው ፊኛው ይኮማተራል፤ ብዙዎችንም ከካቴተር አላቋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ፊኛው በራሱ ፈቃድ እንዳይኮማተር አብዛኛውን ጊዜ የኋለኞቹ የሳክራል ሥሮች ይቆረጣሉ፣ በዚህም ወንዱ የቀረለትን በሪፍሌክስ የሚመጣ የብልት መቆም ያጣል። ብሪንድሊ ይህን ጉዳት ሳይደብቁ ጽፈውታል። ቦቱሊነም የተባለው መድኃኒትም፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አልበቃቸው ላላቸው ሰዎች በፊኛ ጡንቻ ላይ እንዲወጋ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈቅዶ የሽንት ማምለጥን ቀንሷል።

ሽያው በግኝታቸው ምክንያት ታሰሩ የሚለው በቀጥታ ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተፈረደባቸው ሥራቸውን ይተቹ የነበሩትን ጸሐፊ ፋንግ ጆዉዚንና አንድ የመጽሔት አዘጋጅን እንዲደበድቡ ሰዎችን በገንዘብ ቀጥረዋል ተብለው ነው፤ የቤጂንግ ፍርድ ቤትም አምስት ወር ተኩል እስራት ፈርዶባቸዋል። ይህን የምጽፈው የአራት ገጹ ጽሑፍ ጸሐፊ ስላነሡት ብቻ ነው። አንዳንድ ተቺዎች ፍርዱን ቀዶ ጥገናው የማይሠራ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ሲያቀርቡ አይቻለሁ፤ አይሆንም። ዱላ ያስነሣ ሰው ትክክለኛ ስፌት ሊሰፋ ይችላል። ቀዶ ጥገናውን የጣለው የኦርሁስና የፍሎሪዳ ውጤት እንጂ የቤጂንጉ ችሎት አይደለም።

አሁን እጅግ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ደረስኩ፤ «የሚያጣው ነገር የለም» ወደሚለው። በቦሞንቱ ጥናት ከዘጠኙ ታካሚዎች በስምንቱ ላይ ከቀዶ ጥገናው አንድ ወር በኋላ የእግር ድካም ታይቷል፤ በአብዛኞቹ በዓመት ውስጥ ተመልሷል፣ በአንዱ ልጅ ግን የእግሩ ጫፍ ወድቆ ቀርቷል። የተቆረጠው ነርቭ የእግርን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሣው ነውና ይህ የሚጠበቅ ጉዳት ነው። ጉዳታቸው ከፊል የሆነ፣ በክራንች የሚራመዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ጽሑፉ እነዚህን ከሌሎቹ አልለየም። ምንም የማይንቀሳቀሰውም ቢሆን የሚያጣው አለው። የህብለ ሰረሰሩን ሽፋን መክፈት በራሱ የኢንፌክሽንና በውስጡ ያለው ፈሳሽ የመፍሰስ አደጋ አለው። የተቆረጠ ሥር ደግሞ ተመልሶ አይገጠምም፤ ነገ በዚያው የፊት ሥር የሚጠቀም የብሪንድሊ ዓይነት መሣሪያ ወይም ገና ያልታሰበ ሕክምና ቢመጣ ያ ሰው የሚቀበልበትን መስመር ዛሬ ቆርጦ ጥሎታል። ቤቱስ? ዊልቸር የሚያስገባ በርና ምድር ቤት ላይ ያለ ሽንት ቤት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከሕክምናው የሚቆጠር ነው፤ ያንን ሸጦ ተመልሶ በኪራይ ሦስተኛ ፎቅ የሚገባ ታካሚ ከፊኛው በፊት ነጻነቱን ያጣል።

«በካቴተር መኖር እጅ መስጠት ነው» የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ደግሞ በሥራዬ ስለሚመጣብኝ ትንሽ ያስቆጣኛል። አሜሪካዊው ጃክ ላፒደስ እ.ኤ.አ. በ1972 ታማሚው ራሱ እጁን በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ካቴተር ፊኛውን በየጊዜው ቢያጎድል እንደሚበቃው ሲጽፉ፣ በጊዜው የነበረው እምነት ጓንትና የቀዶ ክፍል ንጽሕና የግድ ነው የሚል ነበር። የላፒደስ ክርክር ፊኛን የሚያሳምመው በዋናነት የምትገባው ጀርም ሳትሆን ፊኛው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ደሙ በደንብ አለመዘዋወሩ ነው የሚል ሲሆን፣ ዛሬ በየአገሩ የምናስተምረው ከዚያ ሐሳብ የተወለደውን ነው። ካቴተር ችግር የለውም አላልኩም። ኢንፌክሽን አለ፤ የሽንት ቧንቧ መቁሰል አለ፤ እኛ አገር ደግሞ የሚፈለገው ቁጥር ከፋርማሲ ጠፍቶ አንዱን ደጋግሞ አጥቦ መጠቀም አለ። ጸሐፊው ስለዚህ እጥረት ቢጽፉ ኖሮ አብሬያቸው በፈረምኩ።

እናቲቱ በማግሥቱ ሲመለሱ ልጁን ይዘው መጡ። ደብተሩን አሳየኝ አልኩት። ግማሽ ድረስ የተቆረጠ የሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ በእስክሪብቶ መስመር አሥምሮበት መለኪያ አድርጎታል፤ በደብተሩም እንዲህ ተጽፏል፦ «ጠዋት 12 ሰዓት 520፤ ረፋድ 4፡30 380፤ ከሰዓት 9 ሰዓት 400፤ ማታ 1 ሰዓት 350፤ 5 ሰዓት 300»። ከጎኑ በቀይ «ፈሰሰ» የሚል ቃል በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይታያል፤ ሁሌም ሌሊት፣ ሁሌም ማታ ብዙ በጠጣበት ቀን።

ለእናቲቱ የነገርኳቸው ከዚህ ደብተር ተነሥቼ ነው። ጠዋት 520 ሚሊ ሊትር ብዙ ነው፤ ከመተኛቱ ሁለት ሰዓት በፊት መጠጣት ይቀንስ፣ የመጨረሻዋንም ካቴተር ወደ 6 ሰዓት ያዝልቃት። የኩላሊት አልትራሳውንድ ከተነሣ 14 ወር ሆኖታል፤ እርሱ ይነሣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የፊኛው ግፊት ተለክቶለት አያውቅም፤ ፊኛ እየሞላ ሲሄድ ግፊቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ከቆየ ኩላሊት ስለሚጎዳ፣ የሚሰጠው መድኃኒት መጨመርና አለመጨመሩ የሚወሰነው በዚያ ምርመራ ነው። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ በታች ስለሆነ ፊኛ ሲወጠር ራስ ምታትና ላብ አምጥቶ ደም ግፊትን በድንገት የሚሰቅለው አደጋ ብዙም አያሰጋውም፤ ይህንንም ነግሬያቸው ትንሽ ተረጋጉ። «እና ቻይናስ?» አሉኝ። ከላይ የጻፍኩትን ባጭሩ፣ በተለይ የፍሎሪዳውን ዕጣ ነገርኳቸው። እናቲቱ ለጊዜው ዝም አሉ፤ ልጁ ግን ቀና ብሎ «ሲስተር፣ ዕጣ ያልደረሳቸውም ልጆች እኩል ሆኑ ነው የምትይው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወረቀቱን ከእናቱ እጅ ተቀበለና በጀርባው ባዶ ገጽ ላይ የማታውን ሰዓት ማሥመር ጀመረ።